የባሻ ውሻ እስከ ፋሲካ

የካቲት 27 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ መቱ

ከያዮ በቡና መኪና ተመለስኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ከጎኔ ተጭኖ የመጣው ውሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት የባሻ ወንድይራድ አርባ ወጣ። ሁዳዴ ሰኞ ስለሚገባ ተዝካሩን አጣድፈው ደገሱት፤ ባሻ በቁሙም ቢሆን ሥጋ ሳይጠግብ ጾም ገብቶ አያውቅም። ባሻ ባሌ ነበር። ቡና ልግዛ ብሎ ያዮ ወረደና የሻሽቱ ባል ሆኖ ቀረ። ሻሽቱ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ቁመቷ መልካም ነው፤ ሌላ የምላት የለኝም።

የሄድኩት ለነፍሱ ብዬ ነው እንጂ ለመታየት አይደለም። አዲሱን ቀሚሴን የለበስኩት አሮጌው ስላልደረቀ ነው።

ከዳሱ ጀርባ አንድ ውሻ ተኝቷል። የባሻ ውሻ ነው፤ ቀለሙ አመድ ስለሆነ ዳልቻ ብሎ ጠርቶታል። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጀርባው ላይ ጠጉሩ ረግፎ ቆዳው ተራቁቷል። ጌታው ከሞተ ወዲህ እህል አልቀምስ ብሏል አሉ። ሻሽቱ ማር ቆራጩን ኦቦ ኢቲቻን፣ «እባክዎ በጠመንጃዎ ይገላግሉልኝ» ስትላቸው ሰማሁ።

አፌ መቼ ያርፋል። «ውሻ የሚሞተው የምታበላው ሴት ሲያጣ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ሻሽቱ ዞረች። ከል ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «እትዬ፣ ባል ማኖር ያቃትዎ ውሻ ሊያኖሩ ነው?» አለች።

ከዳሱ አንዱ እንደጎረሰ ሳቀ።

«እስከ ፋሲካ አኖረዋለሁ» አልኩ። «አኑሬም አወፍረዋለሁ።»

«ካኖሩት የፋሲካ ለት መቱ ድረስ መጥቼ በሰው ፊት ‹ችለዋል› እላለሁ፤ ውሻዬንም እወስዳለሁ። ጓሮዬን ከከርከሮ የሚጠብቅልኝ እሱ ነበር። ከሞተብዎ ግን በዚያው ሰው ፊት ‹አልቻልኩም› ይላሉ።»

ምስክሮቹ ኦቦ ኢቲቻና ለፍትሐቱ ከመቱ የወረዱት የነፍስ አባቴ መምሬ ገብረ ሥላሴ ናቸው። መምሬ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ አጥንት ይዘው ነበር።

የካቲት 28

አልበላም።

የካቲት 29፣ ቅበላ

ቀይ ወጥ ሠራሁ። ሽንኩርቱ በደንብ የተቁላላ፣ በርበሬው የማይሰስት፣ ባሻ ቢሆን ድስቱን የሚልሰው። ጥቂት ሥጋ ከነመረቁ ሰጠሁት። ሁለቴ ላሰ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሌሊቱን ሲያስታውክ አደረ።

አልሞተም። ጎኑ ሲነሣና ሲወድቅ አየዋለሁ።

የካቲት 30

ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። ወተቱም፣ ቅቤውም፣ ዕንቁላሉም እስከ ፋሲካ ደህና ሰንብት።

ሽሮ አቀረብኩለት። አየኝ። ልክ እንደ ባሻ ነው ያየኝ።

መጋቢት 2

የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን፣ «ፊደል የለየ እጅ ሥራ ከፈታ ይረሳል፤ በየቀኑ ጻፉ» ይሉናል። ስለዚህ እጽፋለሁ። ስለ ውሻ እንደምጽፍ ግን አልነገርኳቸውም።

በስተርጅና ለምን ፊደል እንደቆጠርኩ ሰው ሲጠይቀኝ ዳዊት ልደግም ነው እላለሁ። ባሻ «አልመለስም» ብሎ የላከውን ደብዳቤ ያነበበችልኝ ጎረቤቴ ምንዳዬ ናት። ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሁለተኛውን አልለመንኳትም።

ውሻው ውኃ ብቻ ጠጣ።

መጋቢት 5፣ የአቦ ዕለት

ቅዳሜ ገበያ ነው። ኦቦ ኢቲቻ ማራቸውን ሸጠው በደጄ አለፉ። ሻሽቱ ልካቸው እንደሆነ አላውቅም። በርከክ ብለው የውሻውን ከንፈር ገልበጥ አደረጉና ድዱን አዩ። ነጭ ነው።

«ምን ሰጡት?»

«ደህና ወጥ።»

«ሽንኩርት አለው?»

«ያለ ሽንኩርት ወጥ የት አይተው ያውቃሉ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳሬ ሰው አይደለም፣ እትዬ» አሉ። ሳሬ ያሉት ውሻውን ነው፤ ሲያዝኑ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። «ሽንኩርት የውሻን ደም ያጠፋል። በርበሬው አንጀቱን ይልጠዋል። እኔ ጫካ ለጫካ ስዞር ስንት ውሻ ቀብሬያለሁ፤ ያልቀበርኳቸው መረቅ ያጠጣኋቸው ናቸው።»

ከዚያ ነገሩኝ። አጥንት ለረጅም ጊዜ ይቀቀል። ጎደሬው እስኪፈርስ ይብሰል፤ ጥሬው ጉሮሮ ያሳክካል። ዱባ ይግባበት። ለሆድ ትሉ የዱባ ፍሬ ተወቅጦ ይሰጠው፤ ኮሶ እንዳይነካው፣ ሰውን እንኳ የሚጥል ነገር ነው። ጉበት በጥቂቱ። ማር በማንኪያ ጫፍ።

«ደግ» አልኩ። «በሁዳዴ ጉበት ከየት አባቴ ላምጣ?»

ኦቦ ኢቲቻ ወደ ታችኛው ገበያ፣ ወደ አባ ጊዲ ሥጋ ቤት ብቻ አዩ። አባ ጊዲ እስላም ነው። እሱ ሁዳዴ የለበትም።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። በፍስኩም ቢሆን ከዚያ ደጅ ደርሼ አላውቅም።

መጋቢት 7

ደረስኩ።

እንዳልታወቅ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ። ጥለቱን ራሴ ፈትዬ ያሠራሁት፣ መቱ ውስጥ ወንድም እኅት የሌለው ነጠላ ነው፤ ይህን ያሰብኩት ከደረስኩ በኋላ ነው።

«እትዬ ሀረገወይን!» አለ አባ ጊዲ ገና ከሩቅ። «መንገድ ጠፋብዎ?»

«ድምፅህን ቀንስ። ለውሻ ነው።»

«መጀመሪያ ላይ ሁሉም ለውሻ ነው ይላል።»

«አባ ጊዲ!»

«እሺ፣ እሺ። ለውሻ ነው።» የጉልበት አጥንት፣ ሳንባና ጉበት በኮባ ቅጠል ጠቀለለልኝ። «ጉበቱ በቀን ከሁለት ጣት አይብለጥ፣ ከበዛ ያስቀምጠዋል። ጠጉሩ እንዲመለስ ከፈለጉ ደግሞ ተልባ ቆልተው ወቅጠው ጣል ያድርጉበት። ራሰ በራው ላይ የኑግ ዘይት ይቀቡት። እኔም ብቀባ ኖሮ» ብሎ ቆቡን አውልቆ አሳየኝ።

የራሴ ዕቃ እንዳይነካ አዲስ ድስት ገዛሁ። ጓሮ ሦስት ጉልቻ ተክዬ ጣድኩት። እንዳልቀምሰው ጾም ነው፤ እንዳልተወው ውሻ ነው። እህል ውኃ ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ድስት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰይጣን በመረቅ አምሳል እንደሚመጣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

መጋቢት 8

አልበላም። ያን ሁሉ ውርደት ተሸክሜለት አሸተተና አገጩን እግሩ ላይ አሳረፈ።

ምንዳዬ አንገቷን በአጥሩ ላይ አሰገገች።

«ሀረግዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ጎደሬ።»

«ጎደሬ እንዲህ ከሸተተ እኔም ዛሬውኑ ልትከል።»

መጋቢት 9

በላ! እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ማታ ላይ ተናድጄ ገበቴውን ከፊቱ አስቀመጥኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «ባሻህ ሞቷል፣ ሰማህ?» አልኩት። «ለሱ ብለህ ነው የምትራበው? እሱ ላንተ የሚራብ መሰለህ? ባሻ ወንድይራድ ማለት እናቱ ታማ የተኛች ለት ሁለት ጊዜ ምሳ የበላ ሰው ነው!»

ባሻ ስል አንድ ጆሮው ቆመ። ደገምኩት። ቀና አለ። እኔም የተጠራቀመ አለኝና ቀጠልኩ። ማንኮራፋቱን። በጭቃ ጫማ አጎዛዬ ላይ መቆሙን። ቆሎ ለሰው ሲያካፍል ለራሱ ያበጠውን መምረጡን። ሰው ፊት «የኔ ሚስት» እያለ ቤት ሲገባ «አንቺ» ማለቱን። ዳልቻ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል ጎንበስ አለና ላሰ። ከዚያ ዋጠ። የዛሬው ስድብ ሲያልቅ ገበቴው ተራቆተ።

መጋቢት 10

ሳንባ፣ ጎደሬ፣ ዱባ። ስድብ፦ የጎረቤት በግ አርዶ አልከፍልም ያለው ነገር። ጨረሰ።

መጋቢት 12

መረቅ፣ ጉበት ሁለት ጣት፣ ተልባ። ስድብ፦ የእህቱ ሠርግ ላይ ሰክሮ ለሙሽራዋ እንደ ሙት ያለቀሰላት። ጨረሰ።

መጋቢት 14

የዱባ ፍሬው ሠራ። የወጣውን ነገር አልጽፍም፤ መምህሩ ደብተሩን አምጪ ያሉ እንደሆነስ።

ዶሮዎቼ የዕንቁላል ቅርፊታቸው ሲሳሳ አጥንት ወቅጬ እሰጣቸዋለሁ። ታዲያ አጥንቱ ለሳሳ ውሻ የዕንቁላል ቅርፊት ቢሰጠውስ? አድርቄ፣ እንደ በርበሬ አልሜ፣ በወንፊት ነፍቼ መረቁ ላይ በተንኩት። ማንም አልነገረኝም፤ የራሴ ነው። ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ሳማም ቀቅዬ ጨመርኩበት። ላም ሲከሳባት እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። እጄን ለበለበኝ።

ድዱ ቀላ ብሏል። ሦስቴ አየሁት።

መጋቢት 18

ምንጭ ወርጄ የውሻውን ድስት ሳጥብ ሴቶቹ እንስራቸውን ወደ ላይኛው በኩል ዞር አደረጉ።

መጋቢት 21

የማርያም ማኅበራችን ዛሬ በምንዳዬ ቤት ነበር። ጽዋው ሲዞር ከቀኜ ወደ ግራዬ ተሻገረ። እኔ በመካከል እንደ ምሰሶ ተተክዬ ቀረሁ። የተቆጣም የለ፣ ያየም የለ። ስወጣ ብቻ አንዷ፣ «ባሏም ሃይማኖቷም ባንድ መንገድ ሄዱ» ስትል ሰማሁ። ሳቁ።

ቤት ስገባ ውሻው ከተኛበት ተነሣ። ለኔ ሲነሣ የመጀመሪያው ነው። «ባንተ የተነሣ ነው» አልኩት። ጅራቱን አወዛወዘ። አሞገስኩት መስሎታል፤ የባሻ ውሻ ነዋ።

ልተወው ይሆን? ለሻሽቱ «አልቻልኩም» ማለት አንድ ቃል ነው። ማኅበሩ ግን ዕድሜ ልኬን የጠጣሁበት ጽዋ ነው። ይህን አስቤ አስቤ፣ ተነሥቼ ጎደሬ ላጥኩ።

መጋቢት 22

መምሬ ገብረ ሥላሴ መስቀላቸውን አስቀድመው ገቡ። ምንዳዬ ከኋላቸው አጥሩ ሥር ጎመን እቆርጣለሁ ትላለች። ጎመን የተከለችው በወዲያኛው በኩል ነው።

«ልጄ፣ በዐቢይ ጾም ከቤትሽ የሥጋ ሽታ ይወጣል አሉኝ። ደግሞም የእስላም ሥጋ።»

«አባቴ፣ እርስዎ ምስክር የሆኑበት ውሻ ነው።»

«የቱ ውሻ?» አሉ። ቆዩና፣ «ኧረ ለካስ!» አሉ። ከተዝካሩ ያስታወሱት ሥጋውን ብቻ ነው።

ጓሮ ወስጄ አሳየኋቸው። ድስቱን ከፈትኩት። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሲሸፍነው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ለመክፈት ቆዩ።

«ቀምሰሽዋል?»

«በስመ አብ! አልቀመስኩም።»

«እንዳትቀምሺው። ጨዉንስ እንዴት አወቅሽው?»

«ጨው የለበትም። ሽንኩርትም፣ በርበሬም።»

«ይህስ ለውሻም ግፍ ነው» አሉና ተከዙ። ከዚያ ለአጥሩ ጭምር እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ጾም የታዘዘ ለሰው ነው። ውሻ አይጾምም፣ አይቆርብም። ሽታው ግን አጥር ዘልሎ የሰው ጾም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትጣጂ። አንቺም እጅሽን በደንብ ታጠቢ፣ ሠላሳ ስግደት ጨምሪ።»

«ስግደቱ ለምን? ካልቀመስኩ?»

«ስለ ተመኘሽ።»

ይህን እንዴት እንዳወቁ ገረመኝ። ሲወጡ ግን እሳቸውም ወደ ድስቱ ዞረው አዩ። እንዲሰግዱ የሚያዛቸው ማን ይሆን?

መጋቢት 24

ምንዳዬ መጣች። መሶብ ሙሉ ዕንቁላል ይዛለች። «ዶሮ ሁዳዴ አታውቅ፣ ትጥላለች ትጥላለች። እስከ ፋሲካ መበላሸቱ አይቀርም» አለች። «ለዚያ ለ... ለጎደሬሽ ጨምሪበት።»

ኩራቴ «ይዛ ትመለስ» ይላል። ውሻው ግን ዕንቁላል ይወዳል። ተቀበልኳት። ስለ ጽዋው እሷም አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። አልረሳሁም ግን።

መጋቢት 27፣ መድኃኔ ዓለም

ስድቡ አለቀብኝ።

ይህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ የበጉን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ብጀምርለት ዳልቻ አዛጋና ገበቴውን ትቶ ተኛ። ሌላ ፈለግሁ። ስለ ባሻ ያልሰደብኩት ክፉ ነገር የለም? የለም። አሟጥጬዋለሁ።

እንዳይራብ ብዬ፣ ለውሻው ብዬ፣ ደግ ደጉን ጀመርኩ።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ወባ ጣለኝ። ክረምት ነበር፣ ሶር ወንዝ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ሐኪም ያለው ወዲያ ማዶ ነው። ሰው ሁሉ ውኃው እስኪጎድል ትቆይ አለ። ባሻ አልሰማም፤ በጋቢ ጀርባው ላይ አስሮኝ ገባ። ውኃው ደረቱ ጋ ሲደርስ በትኩሳቱ መካከል ድምፁ ይሰማኛል፤ ይጸልያል ብዬ ነበር። ለካ ክብደቴን ይረግማል። «ይቺ ሴት ምን በልታ ነው እንዲህ የከበደችው? እኔ ቤት መሆን አለበት፣ ሌላ ቦታማ አልበላችም!» እያለ ተሻገረ። ማዶ ሲያወርደኝ እግሩን ድንጋይ በልቶት ደም በደም ነው። ስለ እግሩ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ ክብደቴ ለሰው ሁሉ አወራ።

ውሻው ጨርሶ ራሱን እግሬ ላይ ጣለ። ለመነሣት ስላልተመቸኝ እዚያው አመሸሁ።

ሚያዝያ 3

ኦቦ ኢቲቻ ማር ይዘውልን መጡ። ዳልቻ ዘሎ ደረታቸው ላይ ቆመ። ጀርባው ላይ ጠጉሩ ተመልሷል፤ አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ያብረቀርቃል።

«ታማሚው ይሄ ነው?» አሉ።

«ላይ ላዩን አይዩት። ውስጡ ገና ነው።»

«ሻሽቱ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«አልዳነም ይበሏት።»

«እትዬ፣ እኔ ሽማግሌ ሰው ለውሻ ብዬ ልዋሽ?»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።»

«ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ዝም ማለቱን እችላለሁ። ማር ቆራጭ ንብ እየነደፈው ዝም ማለት ለምዷል።»

ሲሰናበቱኝ፣ «እትዬ፣ ዳነ ካልኩ ማሸነፍዎ እኮ ነው» አሉ። ምን ሊሉ እንደፈለጉ አልገባኝም።

ሚያዝያ 6

ጮኸ! ከመጣ ጀምሮ ድምፁን ስሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። የጮኸውም ምንዳዬ ላይ ነው። ዕንቁላል ጨመርኩለት።

ሚያዝያ 11

ዝናቡ በረታ። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ ያድራል። ለጤናው ነው።

ሚያዝያ 15

ዛሬ ግማሽ ብቻ ሰጠሁት። ፋሲካ ሲደርስ ከሳ ብሎ ቢታይ ሻሽቱ፣ «ይህን አጥንት ምን አደርገዋለሁ» ብላ ትተወው ይሆናል ብዬ ነው። ባዶውን ገበቴ ላሰና አየኝ። ከባሻ የተማረው አስተያየት አይደለም፤ የራሱ ነው። ሌላውን ግማሽ ከነዕንቁላሉ ደፋሁለት። አፈርኩ።

አመድ ብቀባውስ ብዬም አስቤ ነበር። ቀለሙ ራሱ አመድ ነው፤ ማን ይለየዋል።

ሚያዝያ 18፣ ሆሣዕና

የቡና መኪናው ሾፌር የሻሽቱን መልእክት አደረሰ። የፋሲካ ለት እኩለ ቀን ላይ ከኦቦ ኢቲቻ ጋር ትመጣለች። ገመድ ይዛለች።

ምንዳዬ፣ «ሀረግዬ፣ እልል በይ እንጂ! በሰው ፊት ልታሸንፊያት ነው» ትላለች። ውኃ ልቅዳ ብዬ ሄድኩ። እንስራዬን ረስቼ ነው የሄድኩት።

ሚያዝያ 23፣ ስቅለት

ስሰግድ ዋልኩ። ማሰብ የነበረብኝ የጌታን መከራ ነበር።

ሚያዝያ 24

ሁለት ዶሮ። ቅቤው ወጣ። አባ ጊዲ ትልቅ የጉልበት አጥንት አስቀምጦልኝ ነበር። «ይሄስ ለማን ነው?» አለኝ። «ለውሻ» አልኩት። ዛሬ አልሳቀም።

ሚያዝያ 25፣ ፋሲካ

ሰዉ ከመምጣቱ በፊት ዳልቻን ከአጥንቱ ጋር ማድቤት ቆለፍኩበት። አጥንቱ እስኪያልቅ ድምፁ አይሰማም ብዬ ነው።

መምሬ ገብረ ሥላሴ መጡ፣ ምንዳዬና የማኅበሩ ሴቶች መጡ። እኩለ ቀን ላይ ኦቦ ኢቲቻ ገቡ፤ ከኋላቸው ሻሽቱ፣ ከሏን እንደለበሰች። ከስታለች። ገመዱ በእጇ ነው። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«እንኳን አደረሰዎ፣ እትዬ። ውሻዬስ?»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ሞተ» አልኩ። «አልቻልኩም።»

መምሬ ብርሌያቸውን አስቀመጡ። ምንዳዬ አፏን ከፈተች፤ ጠዋት አይታዋለች፣ አባርሯታልም። ዞር ብዬ አየኋት። ሳውቃት ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን መልሳ ዘጋች።

«መቼ ሞተ?» አለች ሻሽቱ።

«በሆሣዕና ማግስት።»

ያን ጊዜ አጥንቱ አለቀ መሰለኝ፣ ከማድቤት ጮኸ። የታመመ ውሻ ጩኸት አይደለም፤ በጎደሬ፣ በተልባና በምንዳዬ ዕንቁላል የዳበረ፣ ጣሪያ የሚነቀንቅ ጩኸት ነው። መምሬ አማተቡ። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ኢቲቻ ንብ እንደነደፈው ሰው ዝም አሉ። እኔ የት እንደማይ አጣሁ።

ሻሽቱ ወደ ማድቤቱ አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። እንደገና ጮኸ።

«ነፍስ ይማር» አለች። ገመዱን ከመደቡ ሥር ጣለችና ተቀመጠች።

ሁሉም ተከትለው «ነፍስ ይማር» አሉ። የመምሬ ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ከዚያ እንጀራ ቀረበ።

ከበላች በኋላ ጠጋ ብላ፣ «ሟቹን ምን ያበሉት ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት። መረቁን፣ ጎደሬውን፣ ዱባውን ከነፍሬው፣ ሁለት ጣት ጉበቱን፣ ተልባውን፣ ሳማውን፣ የደቀቀውን ቅርፊት፣ የማሩን ጫፍ።

«ይህን እኮ እኔም አብዛኛውን ሰጥቼው ነበር» አለች። «ጉበቱንም፣ ማሩንም። በእጄ ሳጎርሰው እንኳ አልከፍት አለ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሰስታ ነው ብዬ ነበር።

«ሲበላ አወራለት ነበር» አልኳት። «ስለ ባሻ።»

«ምን እያሉ?»

«በመጀመሪያ ክፉ ክፉውን።»

«ከዚያስ?»

«ክፉው አለቀ።»

ሻሽቱ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። «እኔ ቤት ስሙን የሚጠራ የለም» አለች። «ሰው ለኔ አዝኖ ዝም ይላል። እኔንም አፌ እምቢ ይለኛል።»

እንግዳው ሁሉ ሄደ። ያዮ የሚወርድ መኪና በበዓል ከየት ይመጣል፤ ሻሽቱ እዚሁ ልታድር ሆነ። ዳልቻን ከፈትኩለት። ሮጦ ወጣ፣ እሷን ሲያይ አለቀሰ፣ ዞራት፣ ላሳት፣ ከዚያ መጥቶ በሁለታችን መካከል ተኛ። «የሟቹን አርባ ልበላ በግንቦት መጨረሻ እመጣለሁ» አለች ጆሮውን እያሻሸች። እየሳቀች ነው፤ እንባዋም ይወርዳል። ተነሥቼ ራት አቀረብኩ።

ዶሮውን ሳወጣ እጄ ከልማዱ ፈረሰኛውን ለብቻው አስቀምጦት ኖሯል። ያ ብልት የአባወራው ነው። ሌላ ሰው አይነካውም። ከመሶቡ ዳር ተቀምጧል፤ ሁለታችንም በዙሪያው እንበላለን እንጂ እጃችን ወደሱ አይሄድም። ወጡ እየቀዘቀዘ ሄደ።

በመጨረሻ ሻሽቱ አነሣችው። ለሁለት ቆረሰችውና አንዱን በኔ በኩል አደረገችው፣ አንዱን በሷ።

የኔ በኩል ያንስ ነበር። አይቻለሁ፤ ጎረስኩት።